የፕሮፔለር ፒች

የፕሮፔለር ፒች የአንድ አውሮፕላን ፕሮፔለር በአንድ ሙሉ ዙር ወደ ፊት ሊሄድ የሚችለው ርቀት ነው። ይህ የሚታሰበው አየሩ እንደ እንጨት ጠንካራ ቢሆንና ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን እየተሽከረከረ ቢገባበት ነው። ርቀቱን የሚወስነው ብሌዶቹ (የፕሮፔለሩ ቅጠሎች) ከሚዞሩበት ጠለል አንጻር ያላቸው ዝንባሌ ስለሆነ፣ ፒች ሲባል ብዙ ጊዜ ራሱ ዝንባሌው ማለት ይሆናል። ብሌዱ ጠፍጠፍ ብሎ ሲቀመጥ ፒቹ ዝቅተኛ ነው፤ እያዘነበለ ወደ አውሮፕላኑ አፍንጫ አቅጣጫ ሲዞር ደግሞ ፒቹ ከፍ ይላል።

ዝቅተኛ ፒች ለመነሳትና ከፍታ ለመያዝ፣ ከፍተኛ ፒች ለረጅም የጉዞ በረራ ይመረጣል። ነገሩ ከመኪና ማርሽ ጋር ይመሳሰላል። ጭነት ይዞ የዋግ ኽምራን ዳገት የሚወጣ አይሱዙ በአራተኛ ማርሽ ቢሞክር ሞተሩ ይታፈናል፤ ሜዳ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ቢነዳ ደግሞ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናው አይፈጥንም። ልዩነቱ ብዙዎቹ ቀላል አውሮፕላኖች ካምቢዮ የሌላቸው መሆኑ ነው። ፕሮፔለራቸው ሲሠራ አንድ ማርሽ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ለዳገቱም ለሜዳውም ያው ነው።

አለካኩ

የፕሮፔለር መጠን በሁለት ቁጥሮች ይነገራል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ስፋትና ፒቹ። ሁለቱም በአብዛኛው በኢንች ይለካሉ። ለምሳሌ በሴስና 172ኤስ ላይ የሚገጠመው የማኮሊ ፕሮፔለር የሞዴል ስም በ7660 ያበቃል። ይህም ስፋቱ 76 ኢንች (1.93 ሜትር)፣ ፒቹ 60 ኢንች (1.52 ሜትር ገደማ) ነው ማለት ነው። በቀድሞው ሴስና 172ኤም ላይ የሚገጠመው በ7553 የሚያበቃ ሲሆን ስፋቱ 75፣ ፒቹ 53 ኢንች ነው።

ከእነዚህ ቁጥሮች ብዙ ነገር ማስላት ይቻላል። የ60 ኢንቹ ፕሮፔለር በደቂቃ 2,700 ጊዜ ሲዞር፣ ምንም ሳያንሸራትት ቢሄድ፣ በሰዓት 247 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የ53 ኢንቹ በተመሳሳይ ዙር 218 ኪሎ ሜትር ላይ ይቆማል። ዝንባሌያቸው ግን የሚለያየው በጣም በጥቂቱ ነው። ፒቹ ከእምብርቱ እስከ ጫፉ እኩል ነው ብለን ብናሰላ፣ ከእምብርቱ የብሌዱን ርዝመት 75 በመቶ ያህል ርቆ በሚገኘው ነጥብ ላይ የ60 ኢንቹ 18.5 ዲግሪ፣ የ53 ኢንቹ 16.7 ዲግሪ ይሆናል። ለዳገት በሚመች እና ለሜዳ በሚመች ፕሮፔለር መካከል ያለው ልዩነት ከሁለት ዲግሪ በታች ነው፤ በዓይን ብቻ ማንም አይለየውም።

የዝንባሌው መለኪያ ነጥብ መጠቀስ ያለበት ብሌዱ ጠማማ ስለሆነ ነው። በአንድ ዙር ጫፉ ረጅም ክብ ሲዞር ለእምብርቱ የቀረበው ክፍል ትንሽ ክብ ይዞራል፤ ሁለቱም ግን እኩል ወደ ፊት መሄድ አለባቸው። ስለዚህ የ60 ኢንቹ ብሌድ ጫፉ ላይ 14 ዲግሪ ገደማ ብቻ ሲያዘነብል፣ ከመሃሉ 10 ኢንች ላይ ወደ 44 ዲግሪ ይደርሳል።

መነሳት፣ መውጣትና መጓዝ

ብሌድ በመሠረቱ የሚሽከረከር ክንፍ ነው። የመጎተት ኃይሉን የሚወስነው የተሠራበት ዝንባሌ ብቻ ሳይሆን አየሩን የሚቀበልበት ማዕዘን ነው፤ ይህ ማዕዘን ደግሞ በአውሮፕላኑ ፍጥነት ይለወጣል። አውሮፕላኑ ቆሞ ሞተሩ ሲጮህ፣ ባለ 18.5 ዲግሪው ብሌድ አየሩን በሙሉ 18.5 ዲግሪ ይመታዋል። ይህ ለክንፍ ከልክ ያለፈ ነው፤ አየሩ በጀርባው ላይ በሥርዓት መፍሰሱን ስለሚያቆም ከፊሉ ጉልበት በከንቱ ይባክናል። አውሮፕላኑ በሰዓት 137 ኪሎ ሜትር እየበረረ ከፍታ ሲይዝና ፕሮፔለሩ በደቂቃ 2,400 ጊዜ ሲዞር ማዕዘኑ ወደ 7 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። በሰዓት 222 ኪሎ ሜትር በ2,600 ዙር ሲጓዝ አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ይቀራል፤ የብሌዱ ጀርባ ጎበጥ ያለ በመሆኑ ያም በቂ ነው።

የዚህ ሌላው ገጽታ መንሸራተት ይባላል፤ ፕሮፔለሩ ሊሄድ ይችል በነበረውና በእርግጥ በሄደው ርቀት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ከፍታ ሲያዝ መንሸራተቱ 37 በመቶ ገደማ፣ በጉዞ ላይ 7 በመቶ ገደማ ነው። መንሸራተት ሙሉ በሙሉ ብክነት አይደለም። መንሸራተቱ ዜሮ የሆነ ፕሮፔለር አየሩን እንደ ነካ ያልፋል እንጂ አይጎትትም ማለት ይቻላል።

ፒቹ ዝቅ ሲል ፕሮፔለሩ ለሞተሩ ይቀልለዋል፤ ሞተሩ ብዙ ዙር ይደርሳል። የፒስተን ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ለተሠራለት ከፍተኛ ዙር ሲቀርብ ስለሆነ፣ ዝቅተኛ ፒች በሚነሳበት ሰዓት ከሞተሩ የበለጠ ጉልበት ያወጣል። ዋጋው በጉዞ ላይ ይከፈላል፤ አውሮፕላኑ ሲፈጥን ዙሩ ወደ ቀዩ መስመር ይሮጣል፣ አብራሪውም ነዳጅ መቀነስ ይገደዳል።

በደጋ አየር ላይ

ስለ ፒች የሚጻፉ መመሪያዎች አብዛኞቹ የባሕር ጠለልን መነሻ ያደርጋሉ። የኢትዮጵያ ደጋ ግን ከዚያ ርቆ ይጀምራል። የሰቆጣ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,260 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ጎረቤቷ ጋዝጊብላም የዚሁ የዋግ ኽምራ ተራራማ አገር አካል ነው። የተከዜ ሸለቆ በአንጻሩ ከሰቆጣ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል።

በሰቆጣ ከፍታ የአየር እፍጋት በመደበኛው ስሌት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ነው። ይህ ግን የአየሩ ሙቀት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው ተብሎ የተሰላ ነው። በቀትር 25 ዲግሪ ሲሆን እፍጋቱ ወደ 73 በመቶ ይወርዳል፤ አውሮፕላኑ 3,100 ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ይሠራል ማለት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። በባሕር ጠለል 180 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር በሰቆጣ በቀዝቃዛው ሰዓት 140 አካባቢ፣ በቀትር 125 አካባቢ ይሰጣል። ፕሮፔለሩም ክንፉም በዚያው በሳሳ አየር ይሠራሉ። ስለዚህ ጉዳቱ ሦስት እጥፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቋሚ ፒች ባለው አውሮፕላን ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። አብራሪው ከመንደርደሩ በፊት ነዳጅ ሙሉ ሰጥቶ የዙር መቁጠሪያውን ቢመለከት፣ ቁጥሩ በባሕር ጠለል ከሚያየው ብዙም አይለይም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሞተሩ በ23 በመቶ ሲደክም ፕሮፔለሩን የሚቃወመው አየርም በ20 በመቶ ሳስቷል። በባሕር ጠለል 2,350 ዙር የሚያሳይ አውሮፕላን በሰቆጣ ከፍታ ከዚያ 40 ዙር ያህል ብቻ ዝቅ ብሎ ያሳያል። የመጎተት ኃይሉ ግን ከአምስት እጅ አንዱን በላይ አጥቷል። መቁጠሪያው ጤነኛ ነው፣ ሞተሩም ጤነኛ ነው፣ መንደርደሪያው ግን ያጥራል። የደጋ በረራ የሚማር ሰው የአውሮፕላኑን መመሪያ ሰንጠረዥ በከፍታና በሙቀት አንብቦ ርቀቱን እንዲያሰላ የሚገደደው በዚህ ምክንያት ነው።

በእንዲህ ያለ ቦታ ምርጫው ወደ ዝቅተኛ ፒች ያዘነብላል። ከተነሱ በኋላ መሬቱ ራሱ ወደ ላይ ስለሚወጣ በሰዓት 15 ወይም 20 ኪሎ ሜትር ከጉዞ ፍጥነት ማጣት፣ ገደሉን ሳያልፉ ከመቅረት ይሻላል። ዝቅተኛ ፒች ግን የጠፋውን አየር አይመልስም። ከቀረው ጉልበት የሚቻለውን ያህል ያወጣል እንጂ ጭነት መቀነስን ወይም በማለዳ መነሳትን አይተካም።

መሬት ላይ የሚስተካከል ፕሮፔለር

ፕሮፔለሮች በሦስት ይከፈላሉ፤ ፒቹ ጨርሶ የማይለወጥ፣ ሞተሩ ጠፍቶ መሬት ላይ ብቻ የሚለወጥ፣ እና በበረራ ላይ የሚለወጥ። የመጀመሪያውን ብረት ፕሮፔለር በተፈቀደለት ወርክሾፕ በማጣመም ፒቹን በጥቂት ኢንች መቀየር ይቻላል። አንድ ኢንች ፒች 25 ዙር ያህል ይለውጣል የሚለው የባለሙያዎች ልማዳዊ ስሌት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት በትናንሽና እጅግ ቀላል አውሮፕላኖች ላይ የተለመደ ነው። ብሌዶቹ በእምብርቱ ውስጥ በብሎን ታንቀው ይያዛሉ። ለማስተካከል መጀመሪያ ማቀጣጠያው ይጠፋል፣ ካንዴላዎቹም ቢነቀሉ ይመረጣል፤ ማግኔቶው በትክክል ያልተቋረጠ ሞተር በእጅ ሲዞር ሊነሳ ስለሚችል ፕሮፔለር ምንጊዜም እንደ በራ ሞተር ይታያል። ከዚያ አምራቹ ባመለከተው ነጥብ ላይ የማዕዘን መለኪያ ይደረግና ብሎኖቹ ላላ ብለው እያንዳንዱ ብሌድ ወደ ተፈለገው ዲግሪ ይዞራል። ዲግሪው በትክክል ምን ያህል ነው ከሚለው ይልቅ ብሌዶቹ እርስ በርስ እኩል መሆናቸው ይበልጣል፤ አንዱ በግማሽ ዲግሪ እንኳ ቢለይ ሁለቱ እኩል ስለማይጎትቱ አውሮፕላኑ ይንቀጠቀጣል። ብሎኖቹ በኃይል መለኪያ ቁልፍ ይጠብቃሉ፣ አውሮፕላኑ ታስሮ ሞተሩ በሙሉ ነዳጅ ይፈተሻል፣ ቀጥሎም በበረራ ይሞከራል።

ምን ያህል ዙር ይፈለጋል የሚለውን ሞተሩ ይወስናል። ባለ 100 የፈረስ ጉልበቱ ሮታክስ 912 ለምሳሌ በደቂቃ 5,800 ዙር ለአምስት ደቂቃ ብቻ፣ 5,500 ደግሞ ያለማቋረጥ እንዲሠራ ተፈቅዶለታል። ፕሮፔለሩ ራሱ በጥርስ አማካይነት 2.43 ጊዜ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ከ2,400 በታች ይሆናል። ፒቹ ከልክ በላይ ከፍ ተደርጎ ሞተሩ በሙሉ ነዳጅ 5,200 እንኳ መድረስ ካቃተው፣ አውሮፕላኑ ደካማ ከመሆኑ በተጨማሪ ሞተሩ በከባድ ማርሽ እንደሚታፈን መኪና ይጎዳል። ፒቹ ከልክ በላይ ዝቅ ካለ በተቃራኒው በቀጥታ በረራ ላይ ቀዩን መስመር ያልፋል።

በበረራ ላይ የሚለወጥ ፕሮፔለር

ሦስተኛው ዓይነት ፕሮፔለር የእውነት ካምቢዮ አለው ማለት ነው፤ ደግሞም አውቶማቲክ። አብራሪው የሚመርጠው ዲግሪውን ሳይሆን የሚፈልገውን ዙር ነው። ፒቹን እየለወጠ ያንን ዙር የሚጠብቀው ገቨርነር የሚባል መሣሪያ ነው። በውስጡ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከሩ ትናንሽ ክብደቶችና እነሱን የሚጫን ሞላ አሉ። ዙሩ ሲበዛ ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ቫልቭ ያነሳሉ፣ የሞተር ዘይት ወደ ፕሮፔለሩ እምብርት ይፈስና ብሌዶቹን ወደ ከፍተኛ ፒች ያዞራል፤ ፕሮፔለሩ ስለሚከብድ ዙሩ ይመለሳል። ዙሩ ሲያንስ ተቃራኒው ይሆናል። ሶፍትዌር የሌለበት፣ በዘይትና በሞላ የሚሠራ የግብረ መልስ ሥርዓት ነው።

ዘይቱ ቢጠፋ ምን ይሆናል የሚለው በአውሮፕላኑ ዓይነት ይወሰናል። ከላይ የተገለጸው በአብዛኞቹ ባለ አንድ ፒስተን ሞተር አውሮፕላኖች ላይ ያለው ነው፤ ዘይት ሲጠፋ ብሌዶቹ ወደ ዝቅተኛ ፒች ስለሚመለሱ አውሮፕላኑ ቢያንስ ከፍታ ለመያዝ ይችላል። ባለ ሁለት ሞተሮቹ ላይ ዘይቱ የሚገፋው ወደ ዝቅተኛ ፒች ነው፤ ሲጠፋ ሞላና ሚዛን ክብደቶች ብሌዱን ጠርዙ ወደ ነፋሱ እስኪሆን ያዞሩታል። እንዲህ የቆመ ፕሮፔለር የአየር ተቃውሞው አነስተኛ ስለሆነ አውሮፕላኑ በቀረው ሞተር ይበራል።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ለመነሳት የፕሮፔለሩ እጀታ ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ይገፋል። ከፍታ ከተያዘ በኋላ መጀመሪያ ነዳጁ ከዚያ ዙሩ ይቀነሳል፤ ሲጨመር ዙሩ ይቀድማል። ቅደም ተከተሉ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ከባድ ጭነት እንዳይሸከም ይጠብቀዋል። ለማረፍ ሲቃረብ እጀታው እንደገና ወደ ፊት ይመለሳል፤ ማረፉ ቀርቶ እንደገና መውጣት ቢያስፈልግ አውሮፕላኑ በከፍተኛ ፒች መያዝ የለበትም።

ይህም ልማድ በደጋ ይለወጣል። ብዙ አሠልጣኞች ከፍታ ለመያዝ የሚያስተምሩት «25 በ25» ማለትም 25 ኢንች የማኒፎልድ ግፊትና 2,500 ዙር ነው። በሰቆጣ ከፍታ ግን ራሱ የአየሩ ግፊት ከ22.7 ኢንች አይበልጥም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ነዳጁ ሙሉ ተከፍቶም 25 ሊደርስ አይችልም። ስለዚህ ነዳጁ ሙሉ ሆኖ ይተውና ጉልበት የሚቆጣጠሩት በዙሩ ይሆናል።

ታሪክ

ፒቹ የሚለወጥ ፕሮፔለር ሐሳብ ከአቪዬሽን መጀመሪያ ዓመታት ጀምሮ ነበር። በብሪታንያ ሄሌ-ሾውና ቢቻም በዘይት ግፊት የሚሠራውን እ.ኤ.አ. በ1924 በፓተንት አስመዘገቡ። ገበያ ውስጥ ያስገባው ግን የደጋ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ቦይንግ 247 ቋሚ ፕሮፔለር ይዞ ሥራ ሲጀምር፣ ከባሕር ጠለል 1,850 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት ቼየን ከተማ መነሳት አስቸገረው። የሃሚልተን ስታንዳርድ መሐንዲስ ፍራንክ ካልድዌል ፒቹ የሚለወጥ ፕሮፔለር ገጥሞ ሲሞክር የመንደርደሪያው ርቀት በ20 በመቶ አጠረ፣ ከፍታ የመያዝ ፍጥነቱ በ22 በመቶ፣ የጉዞ ፍጥነቱ በ5.5 በመቶ ጨመረ። ኩባንያው ለዚህ ሥራ የ1933ን የኮሊየር ሽልማት አገኘ። ቼየን ከአዲስ አበባ ቦሌ ማረፊያ (2,334 ሜትር) በ480 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች።

በኢትዮጵያ

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ የደረሰው የመጀመሪያው አውሮፕላን ፖቴዝ 25 ይህ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት የተሠራችውና በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው «ፀሐይ» 115 የፈረስ ጉልበት ያለው የቫልተር ሞተር ነበራት። ከላይ ባለው ስሌት ከ115ቱ በአዲስ አበባ ከፍታ የሚቀረው ወደ 90 ገደማ ነው። «ፀሐይ» በጣሊያን ሙዚየም ለአሥርተ ዓመታት ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመልሳለች።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 በረራ የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች ዙራቸውን በገቨርነር የሚጠብቁ ፕሮፔለሮች ነበሯቸው። ቆየት ብሎ የመጣው ትዊን ኦተር ደግሞ ብሌዶቹን ከዜሮ በታች አዙሮ አየሩን ወደ ፊት ስለሚገፋ በአጭርና በጠጠር ማረፊያ ላይ ፍሬን ይሆነዋል። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በፈቃድ የገጣጠመው የእርሻ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን «እሸት»ም በተርባይን የሚሠራ ነበር። ዛሬ በአገር ውስጥ ቻርተር በረራ ላይ የሚታየው ሴስና ካራቫን ለመነሳት በደቂቃ 1,900 ዙር ይጠቀማል፤ በጉዞ ላይ እስከ 1,600 ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ለአብራሪዎች ሥልጠና ከተጠቀመባቸው መካከል ሴስና 172 እና ዳይመንድ ዲኤ40 ኤንጂ ይገኛሉ፤ ሁለቱ የዚህ ጽሑፍ ሁለት ጫፎች ናቸው። ሴስናው ቋሚ ፒች አለው፤ አብራሪው ፒች የሚባል ነገር አይነካም። ዲኤ40 ኤንጂም የፕሮፔለር እጀታ የለውም፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። አንድ የኃይል እጀታ ብቻ አለው፤ የሞተሩ ኮምፒውተር ከእጀታው ቦታ ተነስቶ ዙሩን ራሱ ይመርጣል፣ ለመነሳት 2,300፣ ለቀጣይ ሥራ እስከ 2,100። ሞተሩ ቱርቦ ስላለውና የጄት ነዳጅ ስለሚያቃጥል ለደጋ ይስማማዋል።

ለሰቆጣና ለጋዝጊብላ ነዋሪ በቀጥታ መስመር ቅርቡ የመደበኛ በረራ ማረፊያ ላሊበላ ነው፤ ከሰቆጣ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አየር መንገዱ በአገር ውስጥ መስመሮቹ የሚያበረው ዳሽ 8 ኪው400 ትልቅ አውሮፕላን ቢሆንም ፒቹ የሚለወጥበት መንገድ ያው ነው። ስድስት ብሌድ ያለው ፕሮፔለሩ ሲነሳ በደቂቃ 1,020፣ ከፍታ ሲይዝ 900፣ በጉዞ ላይ 850 ዙር ይዞራል። ከመነሳት ጥቂት ደቂቃ በኋላ ድምፁ በድንገት ወፍራም ሲሆን ተሳፋሪው ሞተሩ የደከመ ሊመስለው ይችላል፤ የሆነው ግን ዙሩ ቀንሶ ብሌዶቹ ወደ ከፍተኛ ፒች መዞራቸው ነው።